ዲኤንኤ የሚመሰክረውና የማይመሰክረው

ዲኤንኤ በሎስ አንጀለስ ወደሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የሚገባው በሁለት በር ነው። አንደኛው የልጆቹ የሳይንስ ክፍል ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአገር ቤት ቤተሰብ ለማምጣት የቀረበን ማመልከቻ ተከትሎ የሚመጣው የዝምድና ምርመራ ጥያቄ ነው። የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና አካባቢ ላሉ ወላጆች የሚያሳስበው ሁለተኛው በር ቢሆንም፣ መልሱ ያለው በአመዛኙ ልጆቻቸው በሚማሩት ትምህርት ውስጥ ነው።

ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2013 የተቀበለችው የሳይንስ ትምህርት መለኪያ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የዲኤንኤ አወቃቀር የሕዋስን ሥራ የሚያከናውኑትን ፕሮቲኖች እንዴት እንደሚወስን ማስረዳት እንዲችል ይጠይቃል፤ ፎረንሲክ የሚባለውን፣ ማለትም ሳይንስን ለፍርድ ሥራ የሚያውለውን ዘርፍ፣ በምርጫ ትምህርትነት የሚሰጡ ትምህርት ቤቶችም አሉ። የተለመደው መነሻ ሙከራ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። እንጆሪ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይጨፈለቃል፣ ጨውና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና የተቀላቀለበት ውሃ ይጨመርበታል፣ ከተጠለለ በኋላም ቀዝቃዛ አልኮል በብርጭቆው ጠርዝ በቀስታ ይፈስበታል። ሳሙናው ከስብ የተሠራውን የሕዋስ ሽፋን ይበትነዋል፣ ጨው ዲኤንኤው እንዲሰባሰብ ያግዛል፣ ዲኤንኤ በአልኮል ውስጥ ስለማይሟሟ ደግሞ ነጭ ዝልግልግ ክር ሆኖ ስለሚታይ ተማሪው በቀጭን እንጨት ጠቅልሎ ሊያወጣው ይችላል። እንጆሪ የሚመረጠው፣ ሰው ከእያንዳንዱ ክሮሞሶም፣ ማለትም ዲኤንኤ ተጠቅልሎ ከሚቀመጥበት አካል፣ ሁለት ሁለት ቅጂ ብቻ ሲኖረው እሱ ስምንት ስምንት ስላለው ነው።

በፍርድ ቤት የሚፈለገው ግን ክሩን ማየት ሳይሆን ባለቤቱን ማወቅ ነው። የሰው ልጆች ከሦስት ቢሊዮን ከሚበልጡት የዲኤንኤ ፊደላት 99.9 በመቶ ያህሉን ስለሚጋሩ፣ መርማሪዎች ሙሉውን ከማንበብ ይልቅ አጭር የፊደላት ቅደም ተከተል በሚደጋገምባቸውና የድግግሞሹ ቁጥር ከሰው ሰው በሚለያይባቸው ጥቂት ሥፍራዎች ላይ ያተኩራሉ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የመረጃ ቋት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚጠቀመው 20 ሥፍራዎችን ነው። የተገኘው ናሙና ጥቂት ሕዋሳት ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ ካሪ ሙሊስ እ.ኤ.አ. በ1983 በካሊፎርኒያ የፈለሰፈው ፒሲአር የተባለ ዘዴ፣ ናሙናውን እያሞቀና እያቀዘቀዘ የተፈለገውን ቁራጭ በየዙሩ እጥፍ ስለሚያደርገው፣ ከ30 ዙር በኋላ ከአንዱ ቁራጭ አንድ ቢሊዮን ያህል ቅጂ ሊገኝ ይችላል። ዲኤንኤ ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው፣ ቅጂዎቹ ጄል በተባለ የረጋ ነገር ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅባቸው ወደ ፖዘቲቭ ጫፍ ይጓዛሉ፤ አጭሩ ይቀድማል፣ ረጅሙ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ተማሪውም ልዩነቱን በዓይኑ ያነባል።

ዝምድና የሚለየውም በዚሁ መንገድ ነው። ልጅ በእያንዳንዱ ሥፍራ አንዱን የድግግሞሽ ቁጥር ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ ይወርሳል። በክሮሞሶም 11 ላይ በሚገኘውና ቲኤች01 በሚባለው ሥፍራ ልጁ 6 እና 9፣ እናቱ 6 እና 8 ቢኖራቸው፣ 9 ከአባት የመጣ መሆን አለበት። አባት ነኝ ባዩ 7 እና 8 ቢሆን፣ አንድ ልዩነት በሚውቴሽን፣ ማለትም በዲኤንኤ ላይ በሚደርስ ድንገተኛ ለውጥ፣ ሊመጣ ስለሚችል ላቦራቶሪው ወዲያው አይደመድምም፤ ልዩነቱ በብዙ ሥፍራዎች ሲደጋገም ግን አባትነቱ ውድቅ ይሆናል። አጎት ከሆነ ደግሞ በአንዳንዱ ሥፍራ ይገጥማል፣ በሌላው አይገጥምም።

የቁጥሩ ጥንካሬ ከናሙናው አያያዝ እንደማይበልጥ ሎስ አንጀለስ ራሷ ለዓለም አሳይታለች። በኦ ጄ ሲምፕሰን የግድያ ክስ ዓቃቤ ሕግ የደሙ ዲኤንኤ ከተከሳሹ ጋር እንደሚገጥም ቢያስረዳም፣ ጠበቆቹ ክርክሩን ከቁጥሩ ወደ አሰባሰቡ አዙረው፣ እርጥብ ናሙና በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ በሞቀ መኪና ውስጥ መቆየቱን አጥብቀው ሞገቱ፤ የሕዝብ ዳኞቹም ጥቅምት 3 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ተከሳሹን በነፃ አሰናበቱት። ዛሬ የከተማው ፖሊስና የካውንቲው ሸሪፍ የወንጀል ላቦራቶሪዎች የሚሠሩት እ.ኤ.አ. በ2007 በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ግቢ በተከፈተ አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው።

ለኢትዮጵያውያን የሚቀርበው ጉዳይ ግን ከወንጀል ይልቅ ቤተሰብ ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ለስደተኞች የቤተሰብ ማገናኛ ፕሮግራም ያመለከቱ፣ በአብዛኛው ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን የሆኑ ሰዎችን በናይሮቢ በዲኤንኤ መመርመር ጀመረ፤ ሙከራው ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ሰፋ። የተባለው የሥጋ ዝምድና በሙሉ የተረጋገጠው ከ20 በመቶ ባነሱት ማመልከቻዎች ብቻ ሲሆን፣ በቀሩት ወይ ቢያንስ አንድ ዝምድና አልተረጋገጠም፣ ወይ አመልካቾቹ ለመመርመር ፈቃደኛ አልሆኑም። ፕሮግራሙ ተቋርጦ እ.ኤ.አ. በ2012 የቀጠለው የዲኤንኤ ማስረጃን ግዴታ አድርጎ ነው። ማጭበርበር እንደነበረ አይካድም። ይሁን እንጂ የሟች ወንድሙን ልጅ «ልጄ» ብሎ ያሳደገ ሰውና ባዕድ ልጅ ልጄ ነው ብሎ በገንዘብ ያስመዘገበ ሰው «አባት አይደለም» የሚል አንድ ዓይነት ውጤት ይደርሳቸዋል፤ አሳዳጊነት፣ ጉዲፈቻና የጡት ልጅነት በጄሉ ላይ አይነበቡም። ይህ የሳይንሱ ጉድለት ሳይሆን የተጠየቀው ጥያቄ ጠባብነት ነው።

ስለዚህ ቤተሰብ ለማምጣት የሚያመለክቱ አንባቢያን ጉዲፈቻን ወይም አሳዳጊነትን ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሮ በስሙ ሊጠሩት ይገባል፤ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ በመደበኛው መንገድ ለጉዲፈቻ ልጅ ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው የተፈጸመ ጉዲፈቻንና የሁለት ዓመት አሳዳጊነትን ይጠይቃል። ምርመራ ከተጠየቀ ደግሞ ላቦራቶሪዎችን በሚመዝነው ኤኤቢቢ (AABB) በተባለ ተቋም ዕውቅና የተሰጠው ላቦራቶሪ ይመረጥ፤ የአሜሪካ ኤምባሲ የሚቀበለው ከላቦራቶሪው በቀጥታ የተላከለትን ውጤት ብቻ ነው።