ማልያና ነጠላ

አምደወርቅን በመሰለች የዋግ ኽምራ ከተማ፣ ቅዳሜ ማታ የእንግሊዝ ኳስ በዲኤስቲቪ ከሚታይበት ቤት አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ የአርሰናልን ስም ሲጠራ ያመሸ ጐረምሳ፣ እሑድ ማለዳ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ቅዳሴ ሲያስቀድስ፣ የማልያው ቀይ አንገትጌ ከነጠላው ሥር ብቅ ብሎ የሚታይበት ጊዜ አለና፣ አረጋውያን «ይህ ልጅ የሚያመልከው ማንን ነው?» ብለው ቢያጉረመርሙ አይፈረድባቸውም።

በእኛ አገር ግን ኳስና ሃይማኖት ገና ከጥንቱ ተጐራብተው የኖሩ ናቸው። በ1928 ዓ.ም. በአራዳ የተመሠረተው ቡድን ስሙን ያገኘው ከሰማዕቱ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ሰማዕቱ በሥዕሉ በአምባላይ ፈረሱ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ እንደሚታይ ሁሉ፣ ቡድኑም እስከ ዛሬ «ፈረሰኞቹ» ይባላል። ለቡድኑ ድል ብሎ ለታቦቱ ጧፍ የሚሳል ደጋፊ ቢገኝ ማንንም አያስደንቅም፤ እንዲህ ያለው ሰው ኳስን ከእምነቱ ጥላ ሥር አስጠጋ እንጂ በእምነቱ ፋንታ አልተካም።

ፈረንሳዊው ሊቅ ኤሚል ዱርኬም በ1912 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰዎች ባንድ ስፍራ ተሰብስበው ባንድ ድምፅ ሲያዜሙ በመካከላቸው ታላቅ ግለት እንደሚነሣ፣ ይህም ግለት ለእያንዳንዳቸው ከራሳቸው በላይ ካለ ኃይል የመጣ መስሎ እንደሚሰማቸው፣ የሃይማኖትንም ምንጭ ከዚያው እንደሚፈልገው ጽፏል። የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት በነሐሴ 16 ሻደይ ሲገባ፣ ልጃገረዶች በከበሮና በጭብጨባ ሲጨፍሩ እያየ ያደገ የዋግ ሰው ግለቱን ለማወቅ መጽሐፉን መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ስለ ምንጩ ግን ከሊቁ ጋር መከራከሩ አይቀርም።

በአርጀንቲና፣ በሮዛሪዮ ከተማ፣ የማራዶና ወዳጆች በ1998 እ.ኤ.አ. በስሙ «ቤተ ክርስቲያን» አቁመው፣ በእኛ አቈጣጠር ጥቅምት 20 የሚውለውን የልደቱን ቀን እንደ ገና ያከብራሉ። ነገሩ እምነት ነው ወይስ ቧልት ለሚል፣ ቧልቱ የሚያመዝን ይመስለኛል።

ለእምነት ይበልጥ የሚቀርበው የአርሰናል ደጋፊ ትዕግሥት ነው፤ ከ1996 ዓ.ም. ድል በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ የእንግሊዝን የሊግ ዋንጫ ሳያይ፣ ባልንጀሮቹ እየተሣለቁበት፣ «ለከርሞ የእኛ ነው» እያለ መቈየቱ ጻድቁን ኢዮብን ያሳስባል። ሆኖም ኢዮብ በመከራው ጊዜ ከፈጣሪው ጋር ተሟገተ እንጂ ፈጣሪውን በሌላ ለመለወጥ አላሰበም፤ ደጋፊው ግን ሁለት ጨዋታ በተሸነፈ ቍጥር አሠልጣኙ ይባረር፣ አጥቂው ይሸጥ ይላል። ምእመን በአምላኩ ፊት ሲመረመር ይኖራል፤ ደጋፊ ደግሞ የሚያመልከውን ራሱ በየሳምንቱ ይመረምራል። የንስሐ አባት የለው፣ የሚጾመው የለው፤ ቢያጠፋም ቀኖና የሚሰጠው አያገኝም።

እስከዚህ ያለውን ሁሉ በንጹሕ ፍቅር ልንተረጕመው እንችል ነበር። የውርርድ ቤት በየከተማው ከበዛ ወዲህ ግን፣ ለአርሰናል ጕሮሮው እስኪነቃ እየዘመረ፣ በኪሱ በያዘው ቲኬት በአርሰናል መሸነፍ ገንዘብ ያስያዘ ደጋፊ ተፈጥሯል፤ ለዚህኛው ከሃይማኖት መዝገብ አቻ ፈልግ ብባል፣ ከአስቆሮቱ ይሁዳ በቀር የምጠራው የለኝም።