«ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል መልዕክት ሲመጣ በቅድሚያ ቀኑን ማየት ይገባል

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤቱን ለማየት ከገጠር ቀበሌ ወደ ሀደሮ ከተማ የመጣ ተማሪ፣ ኮምፒውተሩ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ቢለው ኔትወርክ የለም ብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ነገር ግን ኔትወርኩ ደህና ሆኖ ሳለ የተሳሳተው የኮምፒውተሩ ቀን ሊሆን ይችላል።

ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ዲጂታል የምስክር ወረቀት አላቸው። በምስክር ወረቀቱ ላይ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ሰፍሯል፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. መስከረም ወዲህ የሚሰጡትም ከ398 ቀናት በላይ አያገለግሉም። ኮምፒውተሩ ይህን የሚያመሳክረው በራሱ ቀን ስለሆነ፣ ቀኑ ከተዛባ ትክክለኛውን ገጽ እንደ ሐሰተኛ ይቆጥረዋል።

የጠረጴዛ ኮምፒውተር ከመብራት ሲለያይ ሰዓቱን የምታስቀጥለው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ናት። እርሷ ካለቀች፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። በእጅ ስልክ ላይ ደግሞ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የኛው ነው። የዘመን አቆጣጠራችን ከአውሮፓውያኑ በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚያንስ፣ ስልኩ ላይ «2018» ብሎ የሞላ ሰው መሣሪያውን ሳያውቅ ወደ ኋላ ወስዶታል። አንዳንድ መተግበሪያዎች ይህን ሳይገልጹ «ኢንተርኔትዎን ያረጋግጡ» ብለው ዝም ይላሉ።

አሳሳች መልዕክት አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞዎቹ የዩኒክስ ኮምፒውተሮች ላይ፣ የተቀባዩ አድራሻ ባለመገኘቱ የተመለሰ ኢሜይል «የጽሕፈት መኪና አይደለም» የሚል ምክንያት ይዞ ይመጣ ነበር። ኢሜይልን ከጽሕፈት መኪና ምን አገናኘው? ፕሮግራሙ ጽሑፍ የሚያወጣበት መሣሪያ የጽሕፈት መኪና ዓይነት መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅና «አይደለም» የሚለውን መልስ ይዞ ይቆያል፤ ኋላ ሥራው በሌላ ምክንያት ሲሰናከል ያንኑ የቆየ መልስ ያትመዋል።

ስለዚህ በቅድሚያ ገጹን በዚያው ኔትወርክ ላይ ባለ ሌላ ስልክ መሞከር ነው። ከከፈተ ኔትወርኩ ነጻ ነው። ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ቀንና ሰዓት በራሱ እንዲስተካከል ማድረግ ይበቃል፤ የኢትዮጵያን ቀን ለማየት የተለየ የዘመን መቁጠሪያ መተግበሪያ አለ። ባትሪዋ ያለቀች ከሆነ ግን ካልተቀየረች ችግሩ ይመለሳል።

ቀኑ ትክክል ሆኖ ማስጠንቀቂያው ከቀጠለ ጉዳዩ ሌላ ነው። በመሐል ገብቶ የሚያጭበረብር ሰው ሊኖር ስለሚችል፣ በተለይ የገንዘብ ጉዳይ በሆነ ገጽ ላይ «ቀጥል» የሚለውን ተጭኖ የይለፍ ቃል ማስገባት አይገባም።