ነጋሽ እንዴት «ኀጋሽ» ሆነ

ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። አንድ ወጣት ባልደረባዬ ሁለት የሠራተኛ ዝርዝሮችን አዋህዶ አንድ የሚያደርግ ስክሪፕት ጽፎ አሳየኝ። ውጤቱን በ«ሄድ» ትእዛዝ አየሁት። እንደ ልማዱ የመጀመሪያዎቹን 10 መስመሮች አወጣልኝ፤ ሀብታሙ፣ ሀና፣ ሃይሉ፣ ለማ። ሁሉም ደህና ነው። «በቃ ላከው» አልኩት። ዝርዝሩ በፊደል ተራ የተደረደረ ነበርና «ነ» ያለችው እኔ ያላየሁት ቦታ፣ ከብዙ መቶ መስመር በኋላ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ስልክ ተደወለ። ነጋሽ የሚባሉ ሰው «ኀጋሽ» ሆነዋል። ብርሃነ «ብርሃኀ» ሆኗል። ጐሳዬ ደግሞ፣ ይቺን ሳይ በንዴቴ መሐል ሳቄ መጣ፣ «ጀሳዬ»።

«ጋሼ፣ አማርኛ ስለሆነ ነው እኮ» አለኝ ልጁ፣ ምንም ሳይደነግጥ። «ስሞቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ብናደርጋቸው ይሻላል።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ወላይታ ሶዶ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ቆጥሬ አልዘልቅም። ሰንጠረዡ ሲንጋደድ «አማርኛ ስለሆነ ነው»። ስም ሁለት ጊዜ ሲወጣ «አማርኛ ስለሆነ ነው»። ፍለጋው ባዶ ሲመልስም ያው ናት። ከተማሪ ሰምቻታለሁ፣ ከአስተማሪ ሰምቻታለሁ፣ ጥሩ ደመወዝ ከሚከፈላቸው የአዲስ አበባ ባለሙያዎችም ሰምቻታለሁ። አንድ ሜካኒክ መኪናው አልነሳ ሲለው «መንገዱ የወላይታ ስለሆነ ነው» ቢለን እንስቅበት ነበር።

እስቲ የሆነውን እንየው። ልጁ አንዱ ዝርዝር ላይ «ሐና»፣ ሌላው ላይ «ሀና» አየ። አንድ ሰው ናቸው። ሁለቱን አንድ ለማድረግ ፋይሉን ምልክት በምልክት በሚተካው ትእዛዝ፣ በቲአር አሳለፈው፤ «ሐ»ን ወደ «ሀ» ቀይር አለው። ሐሳቡ ቀና ነው። ቲአር ግን ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ባይት ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሐ» 225፣ 136፣ 144 ናት። «ሀ» ደግሞ 225፣ 136፣ 128። አስተያዩአቸው፤ የሚለዩት በመጨረሻዋ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ለቲአር የደረሰው ትእዛዝ «144ን ባገኘህበት ሁሉ 128 አድርግ» የሚል ነው። እሱም ታዘዘ። «ነ» 225፣ 138፣ 144 ናት፤ 144ቷ 128 ስትሆን የምትወጣው «ኀ» ናት። «ጐ» በዚሁ መንገድ «ጀ» ሆነች። ዐለሙ ብሎ በዐይኑ ዐ የጻፈ ሰው ቢኖር ኖሮ «ዀለሙ» ሆኖ ይወጣ ነበር።

ያንኑ መስመር፣ አንዲት ነጥብ ሳልለውጥ፣ በአንድ ወዳጄ ማክ ላይ አስኬድኩት። ነጋሽ ነጋሽ ሆኖ ወጣ። የማኩ ቲአር ፊደል ይቆጥራል፤ እኛ ኡቡንቱ ላይ የምንጠቀመው የጂኤንዩው ቲአር ባይት ይቆጥራል፤ መመሪያውም የሚደግፈው ባለ አንድ ባይት ፊደል ብቻ መሆኑን ሳይሸሽግ ጽፎታል። አማርኛው በሁለቱም ቤት ያው አማርኛ ነው። የተለየው መሣሪያው ነው።

በእርግጥ ዓረፍተ ነገሯ ከሰማይ አልወረደችም። አንድ ዘመን እውነት ነበረች። ዩኒኮድ የግዕዝ ፊደልን በ3.0 እትሙ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የላቲንን ፊደላት ቦታ ተከራይተው ነበር የሚኖሩት፤ ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ፋይሉን የከፈተ ሰው የሚያየው ዝብርቅርቅ ነው። ያኔ «ኮምፒውተሩ አማርኛ አያውቅም» ያለ ሰው አልዋሸም። ዩቲኤፍ-8ን ግን ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ የነደፉት እ.ኤ.አ. በ1992፣ አንድ ምሽት እራት ቤት ተቀምጠው ነው። የእኔ ባልደረባ ያኔ አልተወለደም። አባቶቹ በፎንት የተቃጠሉትን እሱ ዛሬ በቲአር ላይ ያነበንበዋል።

«በእንግሊዝኛ ፊደል እናድርገው» የሚለው መድኃኒት ደግሞ ከበሽታው ይከፋል። በግዕዝ ፊደል «ጠ» እና «ተ» ሁለት ናቸው፤ ላቲን ሲሆኑ ብዙ ጊዜ አንድ ቲ ላይ ይተኛሉ። ጸጋዬ በቲኤስ ይጀምራል፣ በቲዜድ ይጀምራል፣ ጸሐፊው ከቸኮለ በኤስ ብቻ ይጀምራል። አንዱን ስም አምስት አድርገን ስናበቃ ማዋሃዱ ቀለለ እንላለን።

ላቲን ከችግር ያድናል የሚል ሰው ደግሞ እዚሁ ወላይታ መጥቶ ይይ። ወላይትኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ጉሮሮ ላይ የምትቋረጠውን ድምፅ የምታሳየው ከላይ የምትንጠለጠል ጭረት ናት። «ሃ''ኢ» ማለት «አሁን» ማለት ነው። ያቺ ጭረት ለሼልም፣ ዝርዝርን ለትእዛዝ ለሚያቀብለው ለኤክስአርግስም የጥቅስ ምልክት ናት። የወላይትኛ ቃላት ዝርዝር በኤክስአርግስ አሳልፉና ጥቅሱ አልተዘጋም ብሎ ይጮህባችኋል፤ ሲብስም ሳይጮህ ሁለቱን ጭረቶች ውጦ ቃሉን ያበላሽላችኋል። ይኼን ምን ልንለው ነው? «ወላይትኛ ስለሆነ ነው»? በ1992 ዓ.ም. «ወጋጎዳ» በተባለው የመማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ ሰበብ ሕዝብ አደባባይ በወጣባት ከተማ ላይ ሆኖ፣ ለማሽን እንዲመች ቃላችሁን ቀይሩ የሚል ፕሮግራመር ካለ ድፍረቱን አደንቃለሁ።

ጭረት ካነሳን ያቺን የአማርኛ ምሕጻረ ቃል መስመርም እናንሳት። ኃይለማርያም እዚህ ብርቅ ስም አይደለም፤ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር እንኳን የቦሎሶ ሶሬ ልጅ ናቸው። መዝገብ ቤት ግን «ኃ/ማርያም» ብሎ ይጽፈዋል። ያቺ እዝባር ጽሑፍ ፈልጎ የሚተካው የሴድ መለያያ ናት። ስሙን እንዳለ ሴድ ውስጥ የከተተ ሰው ትእዛዙ ከመሐል ይቆረጥበታል። መለያያውን ወደ ሌላ ምልክት መቀየር የአንድ ሰከንድ ሥራ ነው፤ ሴድ ከመተኪያ ትእዛዙ «ኤስ» ቀጥሎ የሚመጣውን ማንኛውንም ምልክት ማለት ይቻላል እንደ መለያያ ይቀበላል። ይኼን የማያውቅ ልጅ ግን ምን እንደሚለኝ ታውቃላችሁ።

የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተመሥርቶ ሶዶ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ከሆነች ወዲህ ዝርዝር ማዋሃድ የዕለት እንጀራችን ሆኗል። ከየአቅጣጫው ፋይል ይመጣል፤ እያንዳንዱን የተየበው ሌላ ሰው ነው። ፀሐይን ብቻ ብንወስድ መጀመሪያዋ በሁለት ዓይነት ጸ ትጻፋለች፤ ሁለተኛዋ በሀ፣ በሐ፣ በኀ፣ በሃ፣ በሓ ወይም በኃ። 12 ፀሐይ ማለት ነው። ይህ የመሣሪያ ጉድለት አይደለም፤ የአጻጻፋችን እውነት ነው። ስለዚህ ልጁ ሐና እና ሀናን አንድ አድርጎ ማየት መፈለጉ ልክ ነበር። ያጠፋው ሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ የመሣሪያ፣ አንዱ የአስተሳሰብ።

ከአስተሳሰቡ ልነሳ፤ ለእኔ እሱ ይከፋል። የሰውዬውን ስም ለምን ይነካዋል? «ሐና» ብላ የምትጽፍ ሴት መታወቂያዋም የባንክ ደብተሯም ሐና ነው። ሞክሼ ፊደላትን አንድ ማድረግ የሚያስፈልገው ለማነጻጸር ነው፤ ስለዚህ ለማነጻጸሪያ ብቻ የምታገለግል አንዲት ተጨማሪ ዓምድ ይሥራ፤ እሷን ያስተካክል፣ በእሷ ይደርድር፣ በእሷ ያገናኝ፤ ሥራው ሲያልቅ ዓምዷን ይቁረጥ። ዋናው ስም ከመጣበት እንደመጣ ይውጣ። እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ ቲአር የፈለገውን ቢያምስ እንኳን ነጋሽ ነጋሽ ሆነው ይታተሙ ነበር።

መሣሪያውን በተመለከተ፣ ሴድ ነበረለት። እዚህም ግን ወጥመድ አለ። «ሐን በሀ ተካ» የሚለው የሴድ ተራ መተኪያ ሎኬሉ (የቋንቋና የፊደል ቅንብሩ) ምንም ቢሆን ይሠራል፤ ምክንያቱም ሦስቱን ባይት በአንድነት ነው የሚፈልገው፣ ዩቲኤፍ-8 ደግሞ የአንድ ፊደል ባይቶች በሁለት ፊደላት መሐል በአጋጣሚ እንዳይገጣጠሙ ሆኖ የተነደፈ ነው። ቶምፕሰንን የማመሰግነው ለዚህች ነው። ፊደላትን ጎን ለጎን ደርድሮ የሚለዋውጠው የሴድ «ዋይ» ግን በሎኬል ላይ የተንጠለጠለ ነው። ተርሚናል ላይ፣ ዩቲኤፍ-8 በተቀመጠበት፣ ልክ ይሠራል። ያንኑ ስክሪፕት ሌሊት እንዲሮጥ ለክሮን ስጡት፤ ክሮን አንዳንድ ጊዜ የሚነሳው የሎኬል ቅንብሩን ሳይዝ፣ ባዶ እጁን ነው፤ ያኔ ሴዱ ባይት ቆጣሪ ይሆንና ነጋሽ እንደገና ኀጋሽ ይሆናሉ። በማዕዘን ቅንፍ የተሰጠ የፊደል ምርጫም እንዲሁ ነው። ቀን ሲሠራ ሌሊት የሚያጠፋ ስክሪፕት ያመጣብኝ ሰው ሁሉ የሚነግረኝ አማርኛው ሌሊት ሌሊት እንደሚታመም ነው።

ባይት ቆጣሪዎቹ ደግሞ ብዙ ናቸው። የጂኤንዩው ካት (ቆራጩን ማለቴ ነው፣ አንባቢውን ድመት አይደለም) ፊደል ቁረጥ ሲባል ባይት ይቆርጣል። ኡቡንቱ ላይ ስንጭን የምናገኘው ማውክ የቃል ርዝመት ሲጠየቅ ባይት ይነግረናል፤ ጋውክ ፊደል። የባሽ ፕሪንትኤፍ 20 ቦታ ስጠው ሲባል ለ«ሶዶ» 18 ክፍት ቦታ በመጨመር ፈንታ 14 ይጨምራል፣ ሁለቷን ፊደል 6 አድርጎ ስለሚቆጥራት። የተንጋደደው ሰንጠረዥ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ለነጋሽ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። «ምንም አይደል ልጄ፣ ባንኩ ግን በዚህ ስም አይከፍለኝም» አሉኝ። ዝርዝሩን ከመጀመሪያው ፋይል እንደገና አወጣነው፤ ግማሽ ቀን ፈጀ። ከዚያ ወዲህ በ«ሄድ» ብቻ አይቼ አልፌ አላውቅም፤ አሁን ከመካከልም በዘፈቀደ 20 መስመር አወጣለሁ፣ ስክሪፕቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የነበረውንና ከወጣ በኋላ ያለውን ስምም በዲፍ አስተያያለሁ።

ልጁ አሁን ስክሪፕቶቹን ሁሉ የሚጀምረው በሁለት መስመር ነው። የመጀመሪያዋ ሎኬሉን ዩቲኤፍ-8 ታደርጋለች። ሁለተኛዋ «ሶዶ» የሚል ቃል ይዛ ርዝመቱን ባሽን ትጠይቃለች። 2 ካለ ይቀጥላል። 6 ካለ ስክሪፕቱ እዚያው ይቆማል።