ማኅደር፣ መረጃና ሞክሼ ሆሄያት በጤና አገልግሎት

በአገራችን የሕሙማን ታሪክ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በመዛወር ላይ ይገኛል። ሥራው የሐኪምና የመሐንዲስ ብቻ ቢመስልም፣ ከፊሉ የቋንቋ ባለሙያ ድርሻ ነው። ይህንኑ ከምዕራብ ጎጃም በተወሰዱ ምሳሌዎች ለማስረዳት እንሞክራለን።

በቅድሚያ ስያሜዎቹን እንመልከት። «መረጃ» እና «ማስረጃ» አንድ ሥር አላቸው። የመጀመሪያው «ተረዳ»ን፣ ሁለተኛው «አስረዳ»ን ይከተላል። የሕመምተኛው የደም ግፊት ልክ ለሐኪሙ መረጃ ነው፤ ለፍርድ ቤት የሚጻፈው የሐኪም ወረቀት ግን ማስረጃ ነው። «ማኅደር» ደግሞ «ኀደረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ትርጉሙ ማደሪያ ነው። በቤተ ክህነት የመጽሐፍ መያዣ የሆነው የቆዳ ከረጢት በዚሁ ስም ይጠራል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተስፋፋ በኋላ በየጤና ኬላው ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ለሚከፈተው አቃፊ ቃሉ ተገቢ ስም ነው።

ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የተሠራበት የጤናው ዘርፍ ዕቅድ «የመረጃ አብዮት»ን ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻል። ከጤና ተቋማት ወደ ላይ የሚተላለፈው ድምር ዘገባ ቁጥር እንጂ ስም አይፈልግም። የግል ማኅደር ግን የሚገኘው በአብዛኛው በስም ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

«ፀሐይ» የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ሆሄ ፀ ወይም ጸ፣ ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ስለሚችል፣ አንዱ ድምፅ በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። የከተማውም ስም ከዚህ አላመለጠም፤ «ፍኖተ ሰላም»፣ «ፍኖተሰላም»፣ «ፍኖተ ሠላም»፣ «ፍኖተሠላም» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። አንባቢ አራቱንም አንድ ያደርጋቸዋል። ኮምፒዩተር ግን ለሰ እና ለሠ የተለያየ ቁጥር የሰጠ በመሆኑ፣ ካልታዘዘ በቀር አራት ከተማ ያደርጋቸዋል።

ከቡሬ ገጠር ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የተላከች አንዲት ነፍሰ ጡር አለች እንበል። ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና ወልዳለች፤ ፔኒሲሊንም አይስማማትም። ካርድ ክፍል ስሟን በጸ ፈልጎ ቢያጣው፣ በፀ የተጻፈው ማኅደር እዚያው እያለ እንደ አዲስ ትመዘገባለች። አዋላጇ ማወቅ የሚገባትን ሁለቱንም ነገር ሳታይ ሥራዋን ትጀምራለች። የአንድ ሆሄ ልዩነት የሰው ሕይወት ጉዳይ የሚሆነው እንዲህ ነው።

መፍትሔው ሰው ስሙን የሚጽፍበትን ሆሄ መለወጥ አይደለም፤ ስም የባለቤቱ ነው። የሚያሻው፣ ስሙ እንደ ተጻፈ ተጠብቆ፣ በፍለጋ ጊዜ ሞክሼ ሆሄያት እንደ አንድ እንዲቆጠሩና በቃላት መካከል ያለው ክፍተት እንዲዘለል ማድረግ ነው። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ «በሠ ተመልከት» እያለ አንባቢውን እንደሚመራው ሁሉ፣ ማሽኑም እንዲሁ ይመራ። የአባትና የአያት ስም፣ የቀበሌና የቤተሰብ ማኅደር ቁጥር ሲጨመሩበት፣ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሰዎች እንዳይደባለቁ ይረዳል።

ስለዚህ የሞክሼ ሆሄያትን ሰንጠረዥ አዘጋጅቶ ለፕሮግራም ሠሪዎች ማስረከብ የእኛ የቋንቋ ባለሙያዎች ተግባር ነው። የሆሄያቱን ጠባይ ከእኛ ይልቅ እንዲያውቁት ከሌላ ልንጠብቅ አይገባም።