አንድ ሕይወት ብቻ፦ የሞተ የማይነሣባቸው የቪዲዮ ጨዋታዎችና አመራረጣቸው

በእጅ ስልክ ላይ በሚገኙ አብዛኞቹ ጨዋታዎች ሞት ርካሽ ነው። ገጸ ባሕርይው ገደል ገብቶ ወይም በጠላት ተመትቶ ሲወድቅ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ተነሥቶ ይቀጥላል። የተሰጠው ሕይወት ካለቀም ጨዋታው አንድ ማስታወቂያ እንዲመለከቱ፣ አልያም ገንዘብ ከፍለው ሌላ ሕይወት እንዲገዙ ይጋብዛል። ከዚህ በተቃራኒ የቆሙ ጨዋታዎች አሉ። በእነርሱ ዘንድ የሞተ አይነሣም። ለሰዓታት የተደከመበት ጉዞ፣ የተሰበሰበው መሣሪያና ሀብት በአንድ ስሕተት ይጠፋል። ተጫዋቹም ባዶ እጁን ከመጀመሪያው ይነሣል። በጨዋታ ወዳጆች ዘንድ ይህ ሥርዓት «ቋሚ ሞት» ይባላል።

እነዚህን ጨዋታዎች በብዛት የሚሠሩት ትልልቅ ኩባንያዎች ሳይሆኑ አንድ ሰው ወይም ጥቂት ባልደረቦች በራሳቸው አቅም የሚያቋቁሟቸው አነስተኛ ስቱዲዮዎች ናቸው። «ኢንዲ» የሚል መጠሪያም አላቸው። ለማስታወቂያ የሚያወጡት ገንዘብ ስለሌላቸው ሰው ካልጠቆማቸው በቀር በቀላሉ አይገኙም። በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ልጁ ስልክ ላይ አቀርቅሮ የሚያገኝ ወላጅ ደግሞ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጊዜ የሚበላ ጨዋታ። ሕይወት እየሸጠ ኪስ የሚያራቁተው፣ ከስፖርት ውርርድ ጋር የተቆራኘው እና አእምሮን የሚያሠራው በአንድ ዓይን ይታያሉ። ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው።

የሥርዓቱ መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው «ሮግ» የተባለው ጨዋታ ነው። እ.አ.አ በ1980 አካባቢ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ማይክል ቶይ እና ግሌን ዊችማን ሠሩት፤ ኬን አርኖልድም በኋላ ተቀላቅሏቸዋል። በጨዋታው ውስጥ ሁሉም ነገር በፊደልና በምልክት ይታይ ነበር። ጀግናው በኢሜይል አድራሻ መካከል የምትገባው ምልክት ናት፤ ጭራቆቹም የእንግሊዝኛ ፊደላት ናቸው። የጨዋታው ትልቅ ፈጠራ ግን ሌላ ነው። ጀግናው የሚወርድበት ዋሻ በእያንዳንዱ ጊዜ በኮምፒውተሩ አዲስ ሆኖ ይቆፈራል። ትናንት በስተቀኝ የነበረው በር ዛሬ የለም። ስለዚህ መንገዱን መሸምደድ አይጠቅምም። ተጫዋቹ ሲደክመው ጨዋታውን አስቀምጦ መሄድ ይችላል፤ ተመልሶ ሲከፍተው ግን የተቀመጠው ፋይል ይሰረዛል። በዚህ ምክንያት ከሞት በኋላ ወደ ኋላ የሚመለሱበት ቦታ አይኖርም።

ሁለቱ ነገሮች፣ አዲስ የሚቆፈር ዋሻና የማይመለስ ሞት፣ አንዱ ያለ ሌላው ብዙም ትርጉም የላቸውም። ዋሻው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቢሆን ከመጀመሪያው መጀመር አሰልቺ ቅጣት በሆነ ነበር። ሞት ባይኖርበት ደግሞ አዲስነቱ ጌጥ ብቻ ይሆናል። አንድ ላይ ሲሆኑ ከሞት የሚተርፈው አንድ ነገር ነው፤ ተጫዋቹ የተማረው። መሣሪያው ይጠፋል፣ ወርቁ ይጠፋል፣ «በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ሦስት ጠላት እንደ አንድ ይቆጠራል» የሚለው ዕውቀት ግን ከተጫዋቹ ጋር ይቀራል። በወይና ደጋና በደጋ የሚያርስ ገበሬ ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያሻውም። የዘንድሮው ዝናብ የአምናው አይደለም፤ የተዘራው ገብስ ውርጭ ከመታው ተመልሶ አይቆምም፤ ማሳውን የማወቅ ጥበብ ግን ለከርሞ ያገለግላል።

ለጎንደርና ለአካባቢው ጨዋታን አክብዶ መያዝ አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ለዚህ ምስክር ነው። በጎንደር አቅራቢያ በደረሰባቸው ጥቃት ቆስለው እ.አ.አ በ1860 ሕይወታቸው ያለፈው እንግሊዛዊው ቆንስል ዋልተር ፕላውደን፣ ከሞታቸው በኋላ በ1868 በታተመው መጽሐፋቸው ሰንጠረዥ እንዴት እንደሚካሄድ ጽፈዋል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 ስለ ሰንጠረዥና ስለ ገበጣ ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። ሰንጠረዥ ሲጀመር «ወረራ» የሚባል ምዕራፍ አለው። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ እጃቸው የቻለውን ያህል ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና በተራ መጫወት ይጀመራል። ማሸነፍ ብቻውንም አያስመሰግንም። በፈረስ ወይም በደር ንጉሡን መያዝ እንደ ተራ ድል ሲቆጠር፣ በፊል ወይም በመደቅ መያዝ ግን ያስከብራል። ሠራዊቱን ሁሉ ያጣን ብቸኛ ንጉሥ ማት ማድረግም አይፈቀድም። በቋሚ ሞት ጨዋታዎች ዙሪያ የሚሰባሰቡ ሰዎችም እንዲሁ ናቸው። «አሸነፍህ ወይ?» ከሚለው ይልቅ «እንዴት ሞትህ?» የሚለው ጥያቄ ረዘም ያለ ወግ ያስነሣል።

ዛሬ ይህን ዓይነት ጨዋታ ለመጀመር ለሚፈልግ ሰው ቀዳሚው ምርጫ «ሻተርድ ፒክስል ደንጀን» ሊሆን ይገባል። ምክንያቱ ጥራቱ ብቻ አይደለም። በአንድሮይድ ስልክ በነፃ ይገኛል፤ አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ማስታወቂያ የለውም፤ የስልክን ማከማቻም አያጨናንቅም። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ደጋ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ታሪኩም ደስ ይላል። ኦሌግ ዶልያ የተባለ ባለሙያ እ.አ.አ በ2012 «ፒክስል ደንጀን»ን አወጣ፤ ከዚያም ጨዋታው የተጻፈበትን ኮድ ማንም እንዲያሻሽለው ለሕዝብ ክፍት አደረገ። ካናዳዊው ኢቫን ዴበንሃም በ2014 ኮዱን ተቀብሎ የራሱን ዝርያ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህም ማሻሻሉን አላቋረጠም። ሻተርድ የሚባለው ይኸው ነው።

ተጫዋቹ ከጦረኛ፣ ከአስማተኛ፣ ከስርቆሽ አዋቂና ከአዳኝ፣ እንዲሁም በኋላ ከተጨመሩ ሌሎች ጀግኖች አንዱን መርጦ ወደ ምድር ውስጥ ይወርዳል፤ በጅማሬው የሚከፈትለት ግን ጦረኛው ነው። ዋሻው አምስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል አምስት ወለል ሲኖረው በመጨረሻው ወለል ላይ ብርቱ ጠላት ይጠብቃል። ጨዋታው በተራ የሚካሄድ ነው። ተጫዋቹ ካልተንቀሳቀሰ ጠላትም አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ የጣት ፍጥነት ሳይሆን ማሰብ ያሸንፋል። ነገር ግን ጀግናው ይርበዋል፤ ምግብ ደግሞ ውስን ነው፤ አንድ ወለል ላይ ለዘላለም መዘግየት አይቻልም።

ከሁሉም የሚያምረው የመድኃኒቱና የጥቅልሉ ነገር ነው። በዋሻው ውስጥ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ብልቃጦች ይገኛሉ። ቀዩ ፈውስ ሊሆን ይችላል፤ እሳት የሚለቅም ሊሆን ይችላል። ሳይጠጡ ወይም ሳይወረውሩ በቀላሉ አይታወቅም። አንዴ ከታወቀ በዚያ ጉዞ ቀዩ ያው ነው። ጀግናው ሞቶ አዲስ ጉዞ ሲጀመር ግን ቀለማቱ እንደገና ይደባለቃሉ። ስለዚህ ተጫዋቹ የሚማረው የቀለም ስም ሳይሆን አደጋን የመቀነስ ዘዴ ነው፦ ያልታወቀ ብልቃጥ ጠላት በሌለበትና ውኃ በቀረበበት ቦታ መጠጣት፣ እሳት ከተነሣ ወደ ውኃው መግባት፤ ከብዙ ጠላት ጋር ሲገጥሙ በር ላይ መቆም፤ የማጠንከሪያ ጥቅልሎችን በብዙ ዕቃ ላይ ከመበተን በአንዱ ላይ ማከማቸት። ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ አምስት ወለሎች ውስጥ ደጋግሞ ይሞታል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ጨዋታው የሟቾች መዝገብ አለው፤ እያንዳንዱ ጀግና በምን እንደተገደለና ስንተኛው ወለል ላይ እንደወደቀ ይጽፋል። ያን መዝገብ ማንበብ ከማንኛውም መመሪያ ይበልጣል።

ኮምፒውተር ላለው ሰው ምርጫው ይሰፋል። ከ1987 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚጠበቀው «ኔትሃክ» በነፃ የሚገኝ ሲሆን በአሮጌ ኮምፒውተርም ይሠራል፤ ነገር ግን የፊደል ገጽታውን የሚታገሥ ትዕግሥተኛ ይፈልጋል። «ኤፍ ቲ ኤል» በ2012 የወጣ የጠፈር መርከብ ጨዋታ ነው። ሁለት ሰዎች የመሠረቱት ስቱዲዮ ከሕዝብ 10 ሺህ ዶላር ጠይቆ ከ200 ሺህ በላይ አግኝቶ ሠራው። መርከቧ ከወደመች ሁሉም ያበቃል። ይህን የመሰሉ ጨዋታዎች በውጭ ምንዛሪ ስለሚከፈልባቸው ለብዙ ሰው አይመቹም፤ ከነፃዎቹ መጀመር ይሻላል።

አንድ ጨዋታ ለብቻው መነሣት አለበት። ፖላንዳዊው 11 ቢት ስቱዲዮ በ2014 ያወጣው «ዚስ ዋር ኦቭ ማይን» ተጫዋቹን ወታደር አያደርገውም፤ በተከበበች ከተማ ውስጥ ምግብና መድኃኒት የሚፈልጉ ሲቪሎችን ያስመራዋል። መነሻው የሳራየቮ ከበባ ነው። የሞተ ሰው አይመለስም፤ የቀሩትም በሐዘን ይሰበራሉ። የፖላንድ መንግሥት በ2020 ለትምህርት ቤቶች ከሚመከሩ ሥራዎች ጋር እንደሚያካትተው አስታውቆ ነበር። ትልቅ ሥራ መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ በ2013 ዓ.ም መገባደጃ ጦርነት ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ዘልቆ የንጹሐን ሕይወት ባለፈበት አካባቢ፣ ይህን ጨዋታ ለሰው መጠቆም ጥንቃቄ ይሻል። ለልጆች አይሆንም። ሐዘኑ ላልደረቀለት አዋቂም «ሞክረው» ከማለት በፊት ስለ ምን እንደሆነ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ከአገር ውስጥ ሥራዎች አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ ያወጣው «ኩኩሉ» ይታወቃል፤ ከአሳዳጇ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበት ጨዋታ ነው። በትክክለኛው ትርጉም የቋሚ ሞት ጨዋታ ባይባልም የቅርብ ዘመዱ ነው፦ ከተያዘች ሩጫው አበቃ። ይኸው ስቱዲዮ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል።

እንግዲህ በመተግበሪያ መደብር ውስጥ ከሚታዩት ሺህ ጨዋታዎች መካከል ደህናውን ለመለየት የሚረዳ ቀላል ፈተና አለ። ጨዋታውን አውርዶ ዳታውን መዝጋት፤ ከዚያ ሆን ብሎ መሞት። ከሞት በኋላ የሚመጣው ገጽ የጨዋታውን ጠባይ ይናገራል። ገንዘብ ወይም ማስታወቂያ ከጠየቀ የሚሸጠው ሕይወት ነው። ያለ ኢንተርኔት አልከፈትም ካለ ለደጋው አይሆንም። በምን እንደሞቱ ነግሮ «እንደገና ጀምር» ብቻ ካለ ሊሞከር ይገባዋል። ገንዘብ አስይዞ በዕድል የሚያጫውት ከሆነ ደግሞ ቁማር ነው፤ በውርርድ የሚጠፋው ብር ምንም አያስተምርም።

ጊዜን በተመለከተ የወላጆች ስጋት መሠረተ ቢስ አይደለም። «አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክር» የሚለው ቃል በእነዚህ ጨዋታዎች ብርቱ ነው፤ በተለይ በፈተና ሰሞን። ነገር ግን በተራ የሚካሄዱት በማንኛውም ቅጽበት ሊቋረጡ ይችላሉ። ሻተርድ ስልኩ ቢዘጋ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል፤ «አሁን ካቆምኩ እሞታለሁ» የሚል ልጅ ቢያንስ በዚህ ጨዋታ እውነቱን አይናገርም። የመሸነፍን ምሬት በተመለከተ ደግሞ ከልጆች ይልቅ አዋቂዎች ይከፋቸዋል። «ማይንክራፍት» የተባለውን ጨዋታ በአንድ ሕይወት ብቻ ለአምስት ዓመታት ሲጫወት የቆየው ታዋቂው ፊልዛ በ2019 በቀጥታ ሥርጭት ላይ ሳለ የሞተው ከትንሽ ዞምቢ ጋር በገጠመው ግጥሚያ ነበር። ከዚያ በኋላ አዲስ ዓለም ከፍቶ ከዜሮ ጀመረ።

ጓደኛሞች አብረው ሊሞክሩት የሚችሉት አንድ ነገር ይቀራል። ሻተርድ እያንዳንዱን ዋሻ የሚያበቅለው ከአንድ ምስጢራዊ ኮድ ነው፤ ስሙም «ዘር» ይባላል። ጨዋታውን አንድ ጊዜ ያሸነፈ ሰው ዘሩን ራሱ መርጦ ማስገባት ይችላል። ዳባት ያለውና ጎንደር ያለው አንድ ዘር ካስገቡ አንድ ዓይነት ዋሻ ይበቅልላቸዋል፤ በሮቹም፣ ብልቃጦቹም፣ ወጥመዶቹም አንድ ናቸው። ስልክ ለስልክ መገናኘት አያስፈልጋቸውም። ዘሩን በወረቀት ጽፎ በቅዳሜ ገበያ መለዋወጥ ይበቃል፤ ማን ስንተኛው ወለል ላይ እንደወደቀ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይታወቃል።