ዴቡን ሳይሆን ሪፖውን አሳዩኝ

ሉማሜ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በኡቡንቱ 20.04 ፈንታ 22.04 ሲያስጭን የደረሰኝ ማተሚያ ፕሮግራሙ አልጫን አለ። ፕሮግራሙ ሊብኤስኤስኤል 1.1 የተባለውን ላይብረሪ ይፈልጋል፤ 22.04 ደግሞ ወደ 3 ተሻግሯል። ምንጭ ኮዱ ቢገኝ እንደገና መገንባት ነው፣ አለቀ። ፕሮግራሙን የሠራው ልጅ አዲስ አበባ ገብቷል። ስደውልለት «ጋሼ፣ ሁሉም ጊት ላይ አለ እኮ!» አለኝ።

ሪፖውን ከፈትኩት። የተደረደሩት ተገንብተው ለመጫን የተዘጋጁ ዴብ ፋይሎች ናቸው፦ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ-2»፣ «ይኼኛው-ትክክለኛው»። የኮሚቱ መልእክት ከላይ እስከ ታች «አፕዴት» ይላል። አንድ መስመር ኮድ የለም።

የአንድ ልጅ ስንፍና ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። ግን በየሄድኩበት የሚገጥመኝ እምነት ነው፦ ፓኬጅ ማለት ዴብ ፋይሉ፣ ጊት ማለት ደግሞ ፋይሉ የሚቀመጥበት መደርደሪያ። ስንቴ እንዳስረዳሁ ሰልችቶኛል።

ዴብ የተጋገረ እንጀራ ነው፤ ተመልሶ ሊጥ አይሆንም። ሪፖ ውስጥ መግባት ያለበት የፕሮግራሙ ኮድ፣ የግንባታ መመሪያውን የያዘው የዴቢያን ፎልደርና ለእያንዳንዱ ዕትም አንድ ታግ ነው። እነዚህ ቢኖሩ የሉማሜው ችግር ችግር ባልሆነ። እዚያ ፎልደር ውስጥ ባለው ኮንትሮል ፋይል ላይ የላይብረሪውን ስም በእጅ ከመጻፍ ግንባታው ራሱ እንዲሞላው ቢተውለት፣ አዲሱ ኡቡንቱ ላይ ሲገነባ ያለ ማንም እርዳታ 3ን ይመዘግብ ነበር።

«እዚህ ኔትወርክ ደካማ ስለሆነ የተዘጋጀውን ማስቀመጥ ይሻላል» የሚሉኝ አሉ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጊት አንዴ የገባበትን አይረሳም፤ የሰረዛችሁት ፋይል እንኳ ታሪኩ ውስጥ ይኖራል። ኮድ ሲሆን በዕትሞቹ መካከል ያለውን ልዩነት አሽጎ ይይዛል፤ ቀድሞ የተጨመቀ ዴብ ግን በየዕትሙ ሙሉ ክብደቱን ይዞ ይከማቻል ማለት ይቻላል። በሞባይል ዳታ ክሎን የሚያደርግ ምስኪን አሮጌውን ሁሉ አብሮ ያወርዳል። ኮዱ ብቻ ቢሆን ግን ጊት በንድል ሪፖውን ከነታሪኩ አንድ ፋይል ያደርገዋል፤ ያንን በፍላሽ ይዞ ደብረ ማርቆስ መሄድ ነው። ጊት ከመጀመሪያውም ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ሆኖ ነው የተሠራው፤ ጊትሀብ ሌላ ነገር ነው።

«ታዲያ የሚሠራ ፋይል ካለ ኮዱ ምን ያደርጋል?» ለሚሉ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ኤክስዜድ በተባለው የመጭመቂያ ፕሮግራም ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ለዓመታት በትዕግሥት አመኔታ ያተረፈ ሰው በ5.6.0 እና በ5.6.1 ዕትሞች ውስጥ የምስጢር በር አስገባ። ያንን በር የሚያስነሳው ፋይል ጊቱ ላይ አልነበረም፤ ለአከፋፋዮች በተለቀቀው የታሸገ ፋይል ውስጥ ብቻ ነበር። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለው ባለሙያ የደረሰበት የኤስኤስኤች መግቢያ ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲዘገይበት ነው። የታሸገውን አምኖ መቀበል እንዲህ ያደርጋል።

በደንብ የተያዘ ፓኬጅ ማየት የፈለገ ሩቅ አይሂድ። አቢሲኒካ የሚባለው የግዕዝ ፊደል ፎንት ዴቢያን ውስጥ አለ። በአፕት ሶርስ አንድ ትእዛዝ ምንጩም የዴቢያን ፎልደሩም እጃችሁ ይገባል፤ ማንንም ሳትለምኑ ራሳችሁ ትገነቡታላችሁ።

ስለዚህ ልመናዬ ለባለሙያዎች አይደለም፤ ገንዘብ ለምትከፍሉት ነው። በፍላሽ የመጣ ዴብ ተቀብላችሁ አትፈርሙ። ውሉ ላይ ይህን አስገቡ፦ ፕሮግራሙን ያልሠራ ሌላ ሰው፣ ባዶ ኮምፒውተር ላይ፣ ከታጉ ተነስቶ ዴቡን ይገነባል። ከተገነባ ክፈሉ። ካልተገነባ ገና ፓኬጅ አልተረከባችሁም።