ቅቤ ሳይበሉ ኮሌስትሮል ለምን ይጨምራል? ኩላሊትዎንም ያስመርምሩ

«ዶክተር፣ እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ከሽሮና ከጎመን ሌላ አልቀምስም። ኮሌስትሮልህ ጨምሯል ተባልኩ፤ ማሽኑ ተሳስቶ ይሆን?» ፍኖተ ሰላም ውስጥ ይህን ደጋግሜ እሰማለሁ። ማሽኑ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው ራሱ ሰውነታችን ነው፣ በተለይ ጉበት። ኩላሊት ሲታመም ደግሞ ይህ ሥራ ይዛባል።

ጤናማ ኩላሊት ፕሮቲን በሽንት እንዲወጣ አይለቅም። ማጣሪያው ሲጎዳ ግን አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ይፈስሳል። ሽንት እንደ ሳሙና ውሃ አረፋ ይይዛል፣ ጠዋት ዓይን ዙሪያ ያብጣል፣ ማታ ደግሞ እግር። ጉበት የጎደለውን ለመተካት ሲሯሯጥ ኮሌስትሮል ተሸካሚዎቹንም አብዝቶ ያመርታል፤ ከደም የማስወገድ አቅሙም ይቀንሳል። ኔፍሮቲክ ሲንድረም የምንለው ይህንን ነው። እዚህ ላይ ቅቤ መተው ብቻውን ብዙም አይፈይድም፣ መታከም ያለበት ኩላሊቱ ነው።

በስኳር ወይም በደም ግፊት ቀስ በቀስ የሚደክም ኩላሊት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ትራይግሊሰራይድ የተባለውን ስብ የሚሰባብረው ኢንዛይም ስለሚዳከም ስቡ ደም ውስጥ ይቆያል (አረቄና ስኳር የበዛበት ሻይ ያባብሱታል)። ጥሩ የምንለው ኤችዲኤል ይቀንሳል። መጥፎው ኤልዲኤል ወረቀቱ ላይ «ኖርማል» ሊሆን ይችላል፤ ግን ቅንጣቶቹ ያንሱና የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ መግባት ይቀላቸዋል። እውነቱን ለመናገር፣ እኔን የሚያሳስበኝ «ኖርማል ነው» ተብሎ ደስ ብሎት የሚሄደው የኩላሊት ታማሚ ነው። ብዙዎቹ እጥበት ደረጃ ሳይደርሱ በልብና በደም ሥር ሕመም ይሞታሉ።

ለዚህም ነው የ2013 (በፈረንጆች) ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ እጥበት ላልጀመሩ ታማሚዎች የኮሌስትሮል ቁጥራቸውን ሳይጠብቅ ስታቲን የሚመክረው። በ2011 የወጣው ከ9,000 በላይ ታማሚዎች የተሳተፉበት ሻርፕ የተባለ ጥናት፣ ሲምቫስታቲንና ኢዜቲማይብ አብረው ሲሰጡ ከደም ሥር መጥበብ የሚመጡ ከባድ የልብና የስትሮክ አደጋዎችን በ17 በመቶ እንደቀነሱ አሳይቷል። እጥበት ከተጀመረ በኋላ አዲስ መጀመር ግን ያን ያህል ጥቅም አልታየበትም፤ አስቀድሞ ሲወስድ የነበረ ሰው ግን ይቀጥላል።

ኮሌስትሮል ጨምሯል ከተባላችሁ የሽንት ፕሮቲንና ክሬቲኒን አብሮ እንዲታይ ጠይቁ፤ ስኳር ወይም ግፊት ካለባችሁ ደግሞ ኮሌስትሮሉ ኖርማል ቢሆንም ጠይቁ። የጎረቤት ስታቲን ግን አትዋሱ፣ በተለይ እርጉዝ ከሆናችሁ። ክኒኑን ጀምራችሁ ጡንቻ ካመማችሁ ወይም ሽንት ከጠቆረ ሳትቆዩ ተመለሱ።